ከወገብ ሕመም እስከ ዲስክ፦ ለፎገራ ሜዳ የጤና ባለሙያዎች የኮድ አሰጣጥ መመሪያ

ኅዳር ላይ የፎገራ ሜዳ ሩዝ ይታጨዳል። ክረምቱን ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሲያርም የከረመ ገበሬ አሁን ደግሞ ማጭዱን ይዞ ጎንበስ ይላል። ነዶው ይከመራል፣ ይወቃል፣ በጆንያ ተሞልቶ ወረታ ወደሚገኙት መፈልፈያዎች ይጫናል። መኪናው ላይ ኩንታል የሚያወጣውና የሚያወርደው ወጣትም ጉልበቱን የሚያወጣው ከወገቡ ነው። በእንዲህ ያለ አገር «ወገቤን ያዘኝ፤ ወደ እግሬም ይወርዳል» የሚል ሰው ከጤና ጣቢያው በር ባይጠፋ አያስደንቅም።

አንድ የ45 ዓመት ገበሬ እናስብ። መጀመሪያ በታከመበት ጤና ጣቢያ ካርዱ ላይ «የወገብ ሕመም» ተባለ። ወደ ሆስፒታል ሲላክ የሪፈር ወረቀቱ «የነርቭ ሕመም» አለ። ባሕር ዳር ኤምአርአይ ተነሥቶ ሲመለስ ደግሞ «ዲስክ» ተብሎ ተጻፈ። ሰውየው አንድ ነው፤ ወገቡም አንድ ነው፤ ስሙ ግን ሦስት ሆነ። ሦስቱ ስሞች ወደ ሪፖርት ሲገቡ ሦስት የተለያዩ በሽታዎች መስለው ይቆጠራሉ። ይህ መመሪያ የተጻፈው ይህን ለማስቀረት ነው፤ በወረታና በዙሪያዋ ቀበሌዎች ለምትሠሩ የጤና መረጃ ባለሙያዎች፣ የካርድ ክፍል ሠራተኞች፣ እንዲሁም ካርዱን ለምትጽፉት ነርሶች፣ ጤና መኮንኖችና ሐኪሞች።

መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር የሚመራው አንድ ሐሳብ ነው፦ ኮድ የሚሰጠው በታወቀው ልክ ነው። ያልተረጋገጠውን ዲስክ ብሎ ማሳደግ ስሕተት ነው፤ የተረጋገጠውን ዲስክ «የወገብ ሕመም» ብሎ መሸፈንም ያንኑ ያህል ስሕተት ነው። የመጀመሪያው ሰውን ያለ በቂ ምክንያት ያስፈራል፤ ሁለተኛው የሜዳውን እውነተኛ ጉዳት ከዕቅድ ውጭ ያደርጋል።

ከመጀመርዎ በፊት

በመጀመሪያ ተቋምዎ የትኛውን መዝገብ እንደሚጠቀም ያረጋግጡ። የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምድብ፣ በተለምዶ አይሲዲ የምንለው፣ አሁን በሁለት ክለሳዎች ይታወቃል፦ 10ኛውና 11ኛው። ጤና ሚኒስቴር ለአገራችን ተቋማት እንዲያመች አሳጥሮ ያወጣቸው ዝርዝሮችም አሉ። ከታች የምጠቅሳቸው ኮዶች የ10ኛው ክለሳ ናቸው። አሠራሩን ለመማር የሚቀልለው እሱ ነው፤ በሼልፍ ላይ ያሉ ብዙ የቆዩ ካርዶችም የሚነበቡት በእሱ ነው። ስለ 11ኛው መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

የኮዱን የላቲን ፊደል እዚህ በድምፁ ጽፌዋለሁ፤ «ኤም51.1» ሲሉ ያገኙትን መዝገቡ ላይ በላቲን ፊደል ይጽፉታል።

ሁለተኛ፣ የ10ኛው ክለሳ ሦስት ቅጾች እንዳሉት ያስታውሱ። ቅጽ 1 የኮዶቹ ዝርዝር ነው። ቅጽ 2 የአሠራሩ ደንብ ነው። ቅጽ 3 ቃል በቃል የሚፈለግበት ማውጫ ነው። ፍለጋ ከቅጽ 3 ይጀመራል፤ ውሳኔ ግን በቅጽ 1 ይጸናል። ማውጫው የጠቆመውን ኮድ ቅጽ 1 ላይ ሳያዩና ከሥሩ ያለውን «ይህን አይጨምርም» የሚል ማሳሰቢያ ሳያነቡ አይጻፉ።

ሦስተኛ፣ ከኢንተርኔት ከሚለቀሙ ኮዶች ይጠንቀቁ። ስልክዎ ላይ ሲፈልጉ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የአሜሪካው ቅጂ ነው። አሜሪካኖች የዲስክ ኮዶችን ለራሳቸው የመድን ክፍያ ሲሉ አስፍተዋቸዋል፤ ለምሳሌ ኤም51.26 የወገብን፣ ኤም51.27 የወገብና የዳሌ መጋጠሚያን ዲስክ መንሸራተት ለመለየት ያገለግላሉ። በዓለም ጤና ድርጅት ቅጂ እነዚህ የሉም። ለሌሎች የአከርካሪ ሕመሞች ቦታን የሚያሳይ ተጨማሪ ቁጥር መጨመር ይፈቀዳል፤ ኤም50ና ኤም51 ግን ከዚያ ደንብ በግልጽ ተለይተው ወጥተዋል። ስለዚህ ከነጥቡ በኋላ አንድ ቁጥር ብቻ ይበቃል።

ደረጃ 1፦ ካርዱን እስከ መጨረሻው ያንብቡ

ኮድ የሚሰጠው ለመጀመሪያው መስመር አይደለም። ገበሬው ሲገባ የተጻፈው ቅሬታ ነው፤ ሲወጣ የተጻፈው ዲያግኖሲስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደንብ ዋና ሕመም የሚለው በሕክምናው ማብቂያ ላይ የታወቀውንና ሰውየው ለምርመራ ወይም ለሕክምና እንዲመጣ በዋነኛነት ምክንያት የሆነውን ነው። እንዲህ ያሉ ሕመሞች ከአንድ በላይ ከሆኑ የተቋሙን አቅም በይበልጥ የተጠቀመው ይቀድማል።

ስለዚህ የነርሷን ማስታወሻ፣ የሐኪሙን ምርመራ፣ የራጅና የላቦራቶሪ ውጤት፣ የታዘዘውን መድኃኒትና የሪፈር ወረቀቱን አያይዘው ይመልከቱ። የቲቢ መድኃኒት የተጀመረለት ሰው ካርድ ላይ «የወገብ ሕመም» ብቻ ተጽፎ ቢያዩ አንድ ነገር እንደጎደለ ወዲያው ይገባዎታል።

ደረጃ 2፦ የሕመምተኛውን ቃል ከሐኪሙ ቃል ይለዩ

ሰዉ ወገቡን በብዙ ስም ይጠራል። «ኩላሊቴን አመመኝ» ሲል እጁ የሚያርፈው ብዙውን ጊዜ ወገቡ ላይ ነው። «ነርቭ ነው አሉኝ»፣ «ዲስኬ ተንሸራተተ»፣ «ወጌሻው ወለምታ ነው ብሎ አሸኝ» ይላል። ይህ ሁሉ ጠቃሚ ታሪክ ነው፤ ሐኪሙን ወደ እውነቱ ይመራዋል። ኮድ የሚሰጠው ግን ሐኪሙ መርምሮ ለጻፈው ነው። «ኩላሊት» የሚለውን ቃል ይዘው ወደ ኩላሊት ምዕራፍ አይሂዱ፤ «ዲስክ ነው ተብያለሁ» የሚለውንም ይዘው ኤም51 አይጻፉ።

በሌላ በኩል ሐኪሙ የሚጠቀምባቸውን ቃላት ማወቅ ይኖርብዎታል። ቡልጅ፣ ፕሮትሩዥን፣ ፕሮላፕስ፣ ሄርኒዬሽን፣ ኤክስትሩዥን የሚሉት ሁሉ ዲስኩ ከቦታው መውጣቱን በተለያየ መጠን የሚናገሩ ናቸው። ዲጀነሬሽን የሚለው መድረቁንና ማርጀቱን ነው። ራዲኩሎፓቲ የነርቭ ሥር መጎዳት ነው። ማየሎፓቲ ደግሞ የሕብለ ሰረሰር መጎዳት ነው። እነዚህን አራት ሐሳቦች የለየ ሰው የሥራውን ግማሽ ጨርሷል።

ደረጃ 3፦ ዲስክ የሚመስለውን ሌላ በሽታ አስቀድመው ይለዩ

ወደ ዲስክ ከመሄድዎ በፊት አራት ነገሮችን ይፈትሹ።

የመጀመሪያው አስቸኳይ ነው። ካርዱ ላይ ከወገብ ሕመም ጋር ሽንት መያዝ ወይም ማምለጥ፣ በኮርቻ ላይ ስንቀመጥ በሚነካው የገላ ክፍል መደንዘዝ፣ የሁለት እግር መዛል ካዩ፣ በወገብ ሥር ያለው የነርቭ ጥቅል ተጨንቆ ሊሆን ይችላል። ኮዱ ጂ83.4 ነው። ነገር ግን ከኮዱ በፊት ካርዱን ይዘው ወደ ሐኪሙ ይሂዱ፤ ይህ ሰው በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። ካርድ ከፍቶ የሚያነብ ሰው የመጨረሻው ጠባቂ የሚሆንበት ቀን አለ።

ሁለተኛው ቲቢ ነው። ወራት የቆየ የጀርባ ሕመም፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ጀርባ ላይ የወጣ ጉብታ ካለ ሐኪሙ የአከርካሪ ቲቢን ያስባል። ሲረጋገጥ ኮዱ ኤ18.0 ሆኖ ከኤም49.0 ጋር ይጣመራል። በዲስክ ስም ከተመዘገበ ከቲቢ ቁጥር ይጎድላል።

ሦስተኛው ብሩሴሎሲስ ነው። ፎገራ በላሟ ስሟ የተጠራ አገር ናት፤ ሰዉ ከከብቱ ጋር ይውላል፣ ጥሬ ወተትም ይጠጣል። ብሩሴላ አከርካሪን ሲይዝ ኮዱ ከኤ23 ተነሥቶ ከኤም49.1 ጋር ይጣመራል።

አራተኛው አዲስ ጉዳት ነው። ከዛፍ የወደቀ፣ ከተጫነ መኪና ላይ የተንሸራተተ፣ ባጃጅ የገለበጠው ሰው ዲስኩ በአደጋው ከተቀደደ ኮዱ ኤም ሳይሆን ኤስ ነው፦ ለአንገት ኤስ13.0፣ ለደረት ጀርባ ኤስ23.0፣ ለወገብ ኤስ33.0። ሐኪሙ «የወገብ መወጠር ወይም ወለምታ» ካለ ኤስ33.5 ይሆናል። ለጉዳት ሁልጊዜ ምክንያቱን የሚናገር ሁለተኛ ኮድ ይጨመራል፦ ከዛፍ መውደቅ ደብሊው14፣ ከአቅም በላይ ጉልበት ማውጣት ኤክስ50። በዚህ አካባቢ ሰው እንዴት እንደሚጎዳ ለማወቅ ሁለተኛው ኮድ ከመጀመሪያው አያንስም።

ደረጃ 4፦ ቦታውን ይወስኑ

አከርካሪያችን ላይ 23 ዲስኮች አሉ። ለኮድ ሥራ ግን ጥያቄው አንድ ነው፦ አንገት ነው ወይስ ከአንገት በታች? የአንገት ከሆነ ኤም50፤ የደረት ጀርባ፣ የወገብ፣ ወይም የወገብና የዳሌ መጋጠሚያ ከሆነ ኤም51።

ካርዱ ላይ «ሲ5–ሲ6» ካዩ አንገት ነው፤ «ኤል4–ኤል5» ወይም «ኤል5–ኤስ1» ካዩ ወገብ ነው። ከዲስክ መንሸራተት እጅግ የሚበዛው በእነዚህ ሁለት የታችኛው ወገብ ደረጃዎች ላይ ነው፤ ጎንበስ ብሎ የሚያነሣ ሰው ክብደት የሚያርፈው እዚያ ነውና። «ዲስክ» ብቻ ተጽፎ ቦታው ካልተገለጸ አይገምቱ፤ ምርመራውን ይመልከቱ ወይም ይጠይቁ።

ደረጃ 5፦ ዲስኩ ምን እንዳደረገ ይጠይቁ

የነጥቡ ቀጣይ ቁጥር የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ጥያቄዎቹን በዚህ ቅደም ተከተል ይጠይቁ፤ «አዎ» ባሉበት ይቁሙ።

1. ሕብለ ሰረሰር ተጎድቷል? የአንገት ከሆነ ኤም50.0፣ ሌላ ቦታ ከሆነ ኤም51.0።

2. የነርቭ ሥር ተጎድቷል? የአንገት ከሆነ ኤም50.1፣ ሌላ ቦታ ከሆነ ኤም51.1። በዲስክ ምክንያት የመጣ ወደ እግር የሚወርድ ሕመም እዚህ ይገባል።

3. ዲስኩ ወጥቷል፣ ነገር ግን ነርቭ አልነካም? ኤም50.2 ወይም ኤም51.2።

4. ዲስኩ አርጅቷል እንጂ አልወጣም? ኤም50.3 ወይም ኤም51.3።

5. ሌላ ተለይቶ የተጻፈ የዲስክ ችግር ነው? ኤም50.8 ወይም ኤም51.8። ሽሞርል ኖድ የሚባለው ከሆነ ግን የራሱ ኤም51.4 አለው።

6. «የዲስክ ችግር» ከማለት በቀር ምንም አልተገለጸም? ኤም50.9 ወይም ኤም51.9። ይህ የመጨረሻ መጠጊያ ነው፤ ከመጻፍዎ በፊት ሐኪሙን ይጠይቁ።

ሁለተኛው ጥያቄ የሜዳችን ዋና ጥያቄ ነው። ከዲስክ የወጣ ክፍል ነርቭን ተጭኖ እግርን እንደሚያሳምም በግልጽ ያሳዩት ሚክስተርና ባር የተባሉ ሁለት የቦስተን ሐኪሞች ናቸው፤ ጽሑፋቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። ካርድ ላይ ይህን የሚጠቁሙት ምልክቶች፦ ከጉልበት በታች የሚወርድ ሕመም፣ በእግር አንድ በኩል የሚሰማ መደንዘዝ፣ የአውራ ጣት ወይም የቁርጭምጭሚት መዛል፣ በጀርባ ተኝቶ ቀጥ ያለ እግር ሲነሣ የሚብስ ሕመም ናቸው። ምልክቶቹን ማየት ሐኪሙን ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ነው፤ «ራዲኩሎፓቲ» ብሎ ስም መስጠት ግን የሐኪሙ ድርሻ ነው።

አንድ ማረጋገጫ ልስጥዎ። የአዋቂ ሰው ሕብለ ሰረሰር የሚያበቃው በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ያለው የነርቭ ሥሮች ጥቅል ነው። ስለዚህ «ኤል4–ኤል5» ዲስክ ላይ ኤም51.0 ተሰጥቶ ቢያዩ አንድ ቦታ ስሕተት አለ፤ ወይ ደረጃው ወይ ዲያግኖሲሱ ተሳስቷል። ካርዱን ይመልሱ።

ደረጃ 6፦ ዲስኩ ካልተረጋገጠ በኤም54 ይቁሙ

በጤና ጣቢያ ደረጃ ኤምአርአይ የለም። አብዛኛው የወገብ ሕመምም ኤምአርአይ አያስፈልገውም፤ በሳምንታት ውስጥ ይሻላል። ስለዚህ ብዙው ካርድ የሚያርፈው ኤም54 ውስጥ ነው፤ ይህም ነውር የለበትም።

የወገብ ሕመም ብቻ ኤም54.5 ነው። የወገብ ሕመም ሳይኖር ወደ እግር የሚወርድ ሕመም ኤም54.3 ነው። ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ኤም54.4 ነው። የአንገት ሕመም ኤም54.2፣ የደረት ጀርባ ሕመም ኤም54.6 ነው። ብዙ ካርድ ላይ የሚጠፋው ኤም54.4 ነው፤ «ወደ እግር ይወርዳል» ተብሎ ተጽፎ ሳለ ኤም54.5 ይሰጠዋል። ያ አንድ ቁጥር ተራውን የወገብ ድካም ነርቭ ሊነካ ከሚችለው ሕመም ይለያል።

ዲስኩ ምክንያት መሆኑ በታወቀ ጊዜ ግን ኤም54ን ይተዉታል። ኤም54.3ና ኤም54.4 በዲስክ የመጣውን አይጨምሩም፤ እሱ የኤም51.1 ነው። ኤም54.5ም ዲስክ በመንሸራተቱ የመጣውን አይጨምርም፤ እሱ የኤም51.2 ነው። ስለዚህ «ኤም51.1 ከኤም54.4 ጋር» ብሎ ሁለቱን ደርቦ መጻፍ አንድን ሕመም ሁለቴ መቁጠር ነው።

«ዲስክ ሊሆን ይችላል» የሚል ካርድ ሲገጥምዎስ? በዓለም ጤና ድርጅት ደንብ መሠረት ሕክምናው አብቅቶ ዋናው ሕመም አሁንም «ይጠረጠራል» ተብሎ ቢቀመጥና ሌላ መረጃ ባይኖር፣ የተጠረጠረው እንደተረጋገጠ ተቆጥሮ ኮድ ይሰጠዋል። ይህ ለሐኪሙ ማሳሰቢያ ነው፦ ጥርጣሬ ብለው የጻፉት ቃል ሪፖርት ላይ እርግጠኛ ሆኖ ይወጣል። ያዩት ወደ እግር የሚወርድ የወገብ ሕመም ብቻ ከሆነ ያንኑ ይጻፉ።

ደረጃ 7፦ የኤምአርአይን ወረቀት ዲያግኖሲስ አያድርጉት

ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰው ብዙ ገንዘብ ከፍሎ፣ ከወረታ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ድረስ ተጉዞ ያመጣው ወረቀት ክብደት አለው። ወረቀቱ ግን የሚናገረው ፎቶው ላይ የታየውን እንጂ የሚያመውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመና ብዙ ጥናቶችን የገመገመ ጽሑፍ ምንም ሕመም ከሌላቸው ሰዎች መካከል በ20 ዓመት ዕድሜ 37 በመቶው፣ በ80 ዓመት ዕድሜ 96 በመቶው የዲስክ ማርጀት እንደሚታይባቸው አሳይቷል። የዲስክ ማበጥም በ20 ዓመታቸው 30 በመቶ፣ በ80 ዓመታቸው 84 በመቶ ነበር። እነዚህ ሰዎች ወገባቸውን አልታመሙም።

እንግዲህ ወረቀቱ «ኤል5–ኤስ1 ላይ መጠነኛ ቡልጅ» ቢል፣ የሰውየው ሕመም ግን በሌላ ምክንያት ቢሆን፣ ኤም51.2 አይጻፍም። ኮድ የሚሰጠው ሐኪሙ ፎቶውንና ሰውየውን አስተያይቶ «ሕመሙ ከዚህ ነው» ብሎ ሲፈርም ነው። «ዲስክህ ተንሸራቷል» የሚለው ቃል ራሱ ሰውን ያስራል፤ የሰማው ገበሬ ሞፈሩን ለመጨበጥ ይፈራል፣ ልጁን ከትምህርት አስቀርቶ እርሻ ላይ ያሰማራል። ያልተገባ ቃል እንዲህ ያለ ዋጋ ስላለው ከልብ እንጠንቀቅ።

ደረጃ 8፦ ጥንዱን ኮድ አይርሱ

በ10ኛው ክለሳ አንዳንድ ሕመሞች በሁለት ኮድ ይነገራሉ። የሰይፍ ምልክት ያለበት መንስኤውን ይናገራል፤ የኮከብ ምልክት ያለበት የታየበትን አካል ይናገራል። ኤም51.1ና ኤም50.1 ከጂ55.1 ጋር፣ ኤም51.0ና ኤም50.0 ከጂ99.2 ጋር ይጣመራሉ። የሰይፉ ምልክት ሁልጊዜ ይቀድማል፤ የኮከቡ ብቻውን አይቆምም። የተቋምዎ ቅጽ አንድ ኮድ ብቻ የሚቀበል ከሆነ የሚቀመጠው የሰይፉ ነው።

ደረጃ 9፦ ሐኪሙን በአክብሮትና በአጭሩ ይጠይቁ

ተረኛ ሐኪም ሥራ ይበዛበታል። «ይህ ካርድ አልገባኝም» ብሎ መጠየቅ መልስ አያስገኝም። ጥያቄው በ«አዎ» ወይም በ«አይደለም» የሚመለስ ይሁን፦ «ዶክተር፣ የዚህ ሰው ካርድ ላይ ሕመሙ ወደ ቀኝ እግር ይወርዳል፣ አውራ ጣቱም ዝሏል ይላል፤ ዲያግኖሲሱ ግን ዲስክ ብቻ ነው። ነርቩ ተነክቷል ማለት ነው?» እንዲህ ሲጠይቁ መልሱ በአንድ ደቂቃ ይገኛል። ኮዱን ግን በአፍ በሰሙት ብቻ አይለውጡ፤ ሐኪሙ ካርዱ ላይ ጨምሮ ይፈርም።

ሐኪሞችም በበኩላችሁ ዲያግኖሲሱን ስትጽፉ አራት ነገር በአንድ መስመር አስቀምጡ፦ ቦታው፣ ዲስኩ የሆነው፣ ነርቩ መነካት አለመነካቱ፣ መንስኤው አደጋ መሆን አለመሆኑ። «የኤል4–ኤል5 ዲስክ መውጣት፣ የቀኝ ኤል5 ነርቭ ሥር ጉዳት ያለበት፣ ያለ አደጋ» የሚል አንድ መስመር ለኮድ ሰጪው ይበቃዋል፤ ሕመምተኛውን ለሚቀበለው ሐኪምም ይጠቅመዋል።

መለማመጃ፦ አምስት ካርዶች

እነዚህ ለልምምድ የተዘጋጁ ምሳሌዎች ናቸው። መልሱን ከማንበብዎ በፊት ራስዎ ይሞክሩ።

ካርድ 1። የ28 ዓመት ጫኝና አውራጅ። ወገቡን ከያዘው ሦስት ቀኑ ነው፤ ወደ እግር አይወርድም፤ መደንዘዝም የለም። ሐኪሙ «የወገብ ሕመም» አለ። መልስ፦ ኤም54.5። ሐኪሙ «ኩንታል ሲያነሣ የደረሰ የወገብ መወጠር» ብሎ ቢሆን ኖሮ ኤስ33.5 ከኤክስ50 ጋር ይሆን ነበር።

ካርድ 2። የ45 ዓመት የሩዝ ገበሬ። ሕመሙ ወደ ቀኝ እግር ይወርዳል፣ አውራ ጣቱ ዝሏል። ኤምአርአይ ኤል4–ኤል5 ዲስክ ነርቭ መጫኑን አሳየ፤ ሐኪሙም አጸደቀው። መልስ፦ ኤም51.1 ከጂ55.1 ጋር። መግቢያ ላይ ሦስት ስም ያወጣንለት ሰው ይህ ነው፤ አሁን አንድ ስም አለው።

ካርድ 3። የ60 ዓመት እናት። ለአራት ወር የቆየ የጀርባ ሕመም፣ የሌሊት ላብ፣ መክሳት። ራጁ የሁለት ጎረቤት አጥንቶችን መበላት አሳየ፤ ሐኪሙ የአከርካሪ ቲቢ ብሎ ሕክምና ጀመረ። መልስ፦ ኤ18.0 ከኤም49.0 ጋር። ኤም51 እዚህ ቦታ የለውም።

ካርድ 4። የ52 ዓመት ሴት። እጆቿ እየዛሉ ዕቃ ይወድቅባታል፣ አካሄዷም ተሰነካክሏል። ሐኪሙ ሲ5–ሲ6 ዲስክ ሕብለ ሰረሰርን እንደተጫነ ጻፈ። መልስ፦ ኤም50.0 ከጂ99.2 ጋር።

ካርድ 5። የ19 ዓመት ወጣት። ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ ከዛፍ ወደቀ፤ የወገብ ዲስክ በአደጋው መቀደዱ ተረጋገጠ። መልስ፦ ኤስ33.0 ከደብሊው14 ጋር።

ወር ሲዘጋ

ወርሐዊ ሪፖርታችን ካለፈው ወር 21 ጀምሮ እስከ ያዝነው ወር 20 ድረስ ያለውን ይይዛል። ከ20 በኋላ፣ ቁጥሩ ወደ ዲኤችአይኤስ 2 ከመግባቱ በፊት፣ የወገብና የአንገት ሕመም ካርዶችን ብቻ ለይተው አሥር ያህሉን በዕጣ ያውጡ። በእያንዳንዱ ላይ ካርዱ፣ መዝገቡና ቆጠራው አንድ ዓይነት ነገር ይናገሩ እንደሆነ ያመሳክሩ። ሁሉም ኤም54.5 ከሆነ ወይም ኤም51.9 ከበዛ ልማድ ገብቷል ማለት ነው፤ ስሕተቱን በአፈጻጸም ስብሰባ ላይ ሰው ሳይወቅሱ ያቅርቡ። ያንኑ ሕመም ይዞ ለክትትል የተመለሰውን ሰው እንደ አዲስ ታማሚ እንዳልቆጠሩትም ያረጋግጡ። የሰውን ካርድ ይዘትም ከክፍሉ አያውጡ፤ ወረታ ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት።

የመድን ጉዳይም አለ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር በአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስቱ አንዱ ፎገራ ነበር፤ ሌሎቹ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ናቸው። ገበሬው መዋጮውን የሚከፍለው ሲታመም ሳይንገላታ እንዲታከም ነው። በካርዱ፣ በሪፈር ወረቀቱና በክፍያ ጥያቄው ላይ ያለው የሕመም ስም ካልተናበበ ጥያቄ ይነሣል፣ ጉዳዩም ይጓተታል። ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ለሚላክ ሰው ሪፈሩ ላይ ትክክለኛውን ስም መጻፍ የመንገዱን ግማሽ ማቅለል ነው።

ወደ 11ኛው ክለሳ ሲሻገሩ

የዓለም ጤና ጉባኤ 11ኛውን ክለሳ ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ነው። ጤና ሚኒስቴርም በእሱ ላይ የተመሠረተ አጠር ያለ የኢትዮጵያ ቅጂ አዘጋጅቷል። ሁለቱን ክለሳዎች ለመለየት ቀላል ምልክት አለ፦ በ11ኛው የኮዱ ሁለተኛ ምልክት ሁልጊዜ ፊደል ነው። የዲስክ ማርጀት ኤፍኤ80 ሥር፣ የወገብ ሕመም ደግሞ ኤምኢ84.2 ሥር ይገኛሉ። የወገብ ሕመም ከአጥንትና ጡንቻ ምዕራፍ ወጥቶ ወደ ምልክቶች ምዕራፍ መሄዱን ልብ ይበሉ፤ ምድቡ ራሱ «ይህ ምልክት ነው፣ ምክንያቱ ገና አልታወቀም» እያለ ነው። የ10ኛውን ኮድ ከ11ኛው ጋር በአንድ ሪፖርት አይቀላቅሉ። ከደረጃ 1 እስከ 9 ያለው አስተሳሰብ ግን በሁለቱም ያው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም እንደነበረባቸው ተገምቷል፤ ሰውን ከሥራ በማሰናከል ከበሽታዎች ሁሉ የሚቀድመውም እሱ ነው። ከፎገራ ሜዳ የሚነሣው ቁጥር እውነተኛ የሚሆነው እያንዳንዱ ካርድ በታወቀው ልክ ሲጻፍ ነው። ያኔ ወረዳው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሲጠይቅ፣ የሩዝ ማረሚያና ማጨጃ መሣሪያ ይግባልን ሲል፣ የጭነት ሠራተኛው ሸክም ይቀነስ ሲል በእጁ ማስረጃ ይኖረዋል። ስለዚህ ነገ ጠዋት የመጀመሪያውን የወገብ ሕመም ካርድ ሲከፍቱ፣ እባክዎ እስከ መጨረሻው መስመር ያንብቡት።